ላይተር ለምን «ፎየርጾይግ» ተባለ? «ጾይግ» ከየት መጣ?

ማኪ_ኮሎኝ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ጀርመንኛ እየተማርኩ ነው፣ አሁን ቢ 1 (መካከለኛ ደረጃ) ላይ ነኝ። አንድ ቃል አላስቀምጥ ብሎኛል።

ላይተር በጀርመንኛ «ፎየርጾይግ» ነው። «ፎየር» እሳት እንደሆነ ግልጽ ነው። «ጾይግ»ን ግን መዝገበ ቃላት ላይ ስፈልገው «ዕቃ»፣ «ነገር»፣ «ኮተት» ይለኛል። «የእሳት ኮተት» ማለት ነው እንዴ? አውሮፕላንም «ፍሉግጾይግ» ነው። ተሽከርካሪ «ፋርጾይግ»፣ የሥራ መሣሪያ «ቬርክጾይግ»፣ መጫወቻ «ሽፒልጾይግ»፣ ድራም «ሽላግጾይግ»። ሁሉም ጋ ይኸው ጾይግ አለ። ባቡር ደግሞ «ጹግ»፣ ምስክር «ጾይገ» ነው። እነዚህ ይዛመዳሉ ወይስ ድምፃቸው ብቻ ነው የተመሳሰለው?

አስተማሪዬን ብጠይቃት «በቃልሽ ያዢው» አለችኝ። እኔ ደግሞ ምክንያቱን ካላወቅሁ ቃል አይያዝልኝም። የምታውቁ እስቲ አስረዱኝ።

ዳኒ_ኦፈንባህ፦

ማኪ፣ ብዙ አትጨነቂ። «ጾይግ» ማለት «ነገር» ማለት ነው። ሥራ ቦታ ቀኑን ሙሉ እሰማዋለሁ። «ዳስ ጾይግ ዳ» ካሉ «ያ ነገር» ማለታቸው ነው። የማይረባ ወሬ ሲሰሙ «ዱመስ ጾይግ» ይላሉ። ስለዚህ የእሳት ነገር፣ የሚበር ነገር፣ የሚሄድ ነገር። አርቲክሉ (ከስሙ ፊት የሚገባው ጾታ አመልካች ቃል) ሁልጊዜ «ዳስ» መሆኑን ያዢ፤ ለፈተና ይበቃሻል።

ቃለ_ላይፕዚግ፦

ዳኒ አርቲክሉ ላይ ልክ ነህ። በጀርመንኛ የጥምር ቃልን ጾታ የሚወስነው መጨረሻ ላይ ያለው ስም ነው። «ዳስ ጾይግ» ስለሆነ ሁሉም «ዳስ» ይሆናሉ። «ነገር» የሚለው ትርጉም ግን ኋላ የመጣ ነው። እዚህ የተማርኩት የጀርመን ቋንቋ ጥናት ስለሆነ ትንሽ ልዘርዝር። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

የ«ጾይግ» ሥር «ጺየን» የሚለው ግስ ነው። መሳብ፣ መጎተት ማለት ነው። በጥንቱ ጀርመንኛ ቃሉ «ጊጺውግ» ነበር። ለአንድ ሥራ ተስቦ የሚመጣውን፣ የሚሰበሰበውን ሁሉ የሚጠራ ስም ነው። ለዘመቻ ከሆነ ጦሩ፣ ጋሻው፣ ልጓሙ። ለስፌት ከሆነ መርፌው፣ ክሩ፣ መቀሱ። እና ጾይግ ለሥራው የሚያስፈልገው ዕቃ በሙሉ፣ አንድ ላይ ማለት ነበር።

በርሊን የሄዳችሁ ታውቁታላችሁ፤ ኡንተር ዴን ሊንደን ጎዳና ላይ «ጾይግሃውስ» የሚባል ትልቅ ሮዝማ ሕንፃ አለ። ግንባታው በ1695 ነው የተጀመረው። ዛሬ የጀርመን ታሪክ ሙዚየም ነው። ድሮ የፕሩሲያ ጦር መሣሪያ ግምጃ ቤት ነበር። የንጉሥ ጦር ዕቃ የተቀመጠበትን ቤት ማንም «የኮተት ቤት» ብሎ አይጠራውም። ያን ጊዜ ጾይግ የተከበረ ቃል ነበር። ወደ ኮተትነት ዝቅ ያለው በኋላ ነው።

ማኪ ስለ ባቡር የጠየቅሽው፦ አዎ፣ ዘመዶች ናቸው። «ጹግ» ከዚያው ከመሳብ ነው። «አንጹግ» ሙሉ ልብስ፣ «ኡምጹግ» ቤት መቀየር፣ «አውፍጹግ» ሊፍት፣ «ኤርጺየን» ልጅ ማሳደግ፤ ሁሉም የ«ጺየን» ልጆች ናቸው። የላቲኑ «ዱኬሬ»፣ መምራት፣ የሩቅ ዘመዱ ነው። መነሻው ላይ «ደ» የነበረው ድምፅ በጀርመናዊ ቋንቋዎች ወደ «ተ» ተለወጠ። ከዚያ ደቡብ ላይ፣ ዛሬ ትምህርት ቤት የምንማረው ጀርመንኛ ውስጥ፣ «ት» እና «ስ» ተጣበቁ። ሆላንዶችና ዴንማርኮች «ተ» ላይ ቆመው ቀሩ። በዴንማርክኛ የእሳት መለኮሻው «ፊርቶይ» ነው፤ ክፍል በክፍል ያው ፎየርጾይግ ነው።

አንድ የንባብ ነገር። «ጾ» ብዬ ብጽፈውም የአማርኛው ጸ ዓይነት ጥብቀት የለውም። መጨረሻ ላይ ያለው «ግ» ደግሞ ሲነገር ወደ «ክ» ያደላል። «ፎየርትሶይክ» ብትዪ ማንም ይገባዋል።

አባ_መፍቻ፦

ልጆች፣ እንዲህ ያለ ወሬ ደስ ይለኛል። እኔ ጡረታ እስክወጣ ድረስ ሽቱትጋርት አካባቢ ማሽን ቤት ነው የሠራሁት። ቃለ ያለው እውነት መሆኑን በእጄ አውቀዋለሁ። «ቬርክጾይግ» አንድ መፍቻም ሊሆን ይችላል፣ ሙሉ ሳጥኑም። «ቬርክጾይጉን አምጣው» ተብለህ አንድ መዶሻ ብቻ ይዘህ ብትሄድ ትመለሳለህ። ሰውየው የፈለገው ለሥራው የሚሆነውን ሁሉ ነው።

ሌላ ልጨምር። አለቃችን ሥራ ሲበዛ «ኢንስ ጾይግ ሌገን» ይለን ነበር። በርትታችሁ ግፉበት ማለቱ ነው። ቃል በቃል «ጾይጉ ላይ መጋደም» ነው። ለምን እንደሆነ አንድ ሽማግሌ ጀርመን የሥራ ባልደረባዬ አስረዳኝ። እዚያ ጋ ጾይግ የፈረስ መጎተቻ ጠፍር ነው። ጋሪው ሲከብድ ፈረሱ ደረቱን ጠፍሩ ላይ ጥሎ ይገፋል። የኛ በሬ ዳገት ላይ ሲያርስ ቀንበሩን እንደሚገፋው ማለት ነው። «ቫስ ዳስ ጾይግ ሄልት» የሚሉትም እንደዚያው ነው። ጠፍሩ እስከቻለ ድረስ፣ ማለትም በሙሉ ኃይል። መሳብ የሚለው ትርጉም እዚህ ላይ በደንብ ይታያል።

ዳኒ_ኦፈንባህ፦

ጋሽ መፍቻ፣ እርስዎ ያሉት ለቬርክጾይግ ይገባኛል። የላይተሩ ግን አልገባኝም። ላይተር አንድ ዕቃ ነው፤ ኪስ ውስጥ የምትገባ ፕላስቲክ። ጾይግ «ሙሉ ዕቃ» ከሆነ የላይተር ሙሉ ዕቃ ምኑ ነው? ለዚህ መልስ ከሌለ «ነገር» የሚለው ያሸንፋል።

ቃለ_ላይፕዚግ፦

ጥሩ ጥያቄ ነው ዳኒ። መልሱ ቃሉ ከላይተር በፊት መኖሩ ነው። ዛሬ ኪስህ ያለው ላይተር ስሙን ወረሰ እንጂ ስሙ ለሱ አልወጣም።

የወንድማማቾቹን የግሪም መዝገበ ቃላት ታውቁታላችሁ። የ«ፎየር» ቃላት ያሉበት 3ኛው ቅጽ፣ ያዕቆብ ግሪም የሠራው፣ በ1862 ታትሟል። ፎየርጾይግ እዚያ ውስጥ አለ። የዛሬው ዓይነት የላይተር ድንጋይ ግን ገና አልተፈጠረም፤ አርባ ዓመት ይቀረው ነበር። ታዲያ ፎየርጾይግ ምን ነበር?

ሦስት ዕቃ ነበር። አንደኛው «ፎየርሽታል»፣ በእጅ የሚያዝ የብረት ቁራጭ። ሁለተኛው «ፎየርሽታይን»፣ ባልጩት። ሦስተኛው «ጹንደር»፣ ብልጭታውን ተቀብሎ ቀስ እያለ የሚግለው ነገር። ብረቱን በባልጩቱ ትመታለህ፣ ብልጭታው ጹንደሩ ላይ ያርፋል፣ እፍ እያልክ ታቀጣጥለዋለህ። ሦስቱ በአንድ ቆርቆሮ ወይም ቦርሳ ይቀመጣሉ። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ እሳት የለም። ሙሉው ጥቅል ነው ፎየርጾይግ። የጠየቅኸው «ሙሉ ዕቃ» ይኸው ነው።

የዴንማርካዊውን ደራሲ የአንደርሰንን ተረት ልጆች ያሏችሁ ታውቁት ይሆናል። ወታደሩ ከጉድጓድ የሚያወጣው ዕቃ አለ፤ ሲመታው ትልልቅ ውሾች የሚመጡለት። በ1835 ነው የታተመው። የዴንማርክኛ ርዕሱ ያው «ፊርቶይ» ነው፣ የጀርመንኛው «ፎየርጾይግ»። ዛሬ የጀርመን ልጅ ርዕሱን ሲሰማ የሱቅ ላይተር ሊመጣበት ይችላል። ወታደሩ የያዘው ግን ብረትና ባልጩት ነው። በተረቱ ውስጥ «መታው» የሚለው ለዚህ ነው።

አልፕስ_ዙሪክ፦

ስለ ጹንደር ካነሳችሁ፣ እዚህ ተራራው ላይ «ጹንደርሽቫም» የሚባል እንጉዳይ አለ። በቢች ዛፍና በበርች ዛፍ ግንድ ላይ እንደ ፈረስ ኮቴ ተለጥፎ ይበቅላል። ጹንደር የሚሠራው ከሱ ውስጠኛ ክፍል ነው። በ1991 በረዶ ውስጥ የተገኘው ኧትሲ፣ 5,300 ዓመት ገደማ የሆነው ሰውዬ፣ ይህን እንጉዳይ ይዞ ነበር። ሲመታ ብልጭታ የሚሰጠው የፓይራይት ድንጋይ ርዝራዥም ተገኝቶበታል። የብረቱ ዘመን ሳይመጣ እሱም የራሱ ፎየርጾይግ ነበረው።

ሌላው፣ የስዊዝ ጀርመንኛ ላይተርን «ፊውርጺውግ» ዓይነት ነው የሚለው። «ኦይ» የለም። መጀመሪያ ስመጣ የገጠር አነጋገር ነው ብዬ ነበር የገመትኩት። ቃለ፣ ከላይ የጻፍከው «ጊጺውግ» ከዚህ ጋር ይቀርባል፣ አይደል?

ቃለ_ላይፕዚግ፦

በጣም እንጂ! የመካከለኛው ዘመን ጀርመንኛ «ፊውር» እና «ጺውክ» ይል ነበር። ከንፈር ሾጠጥ ተደርጎ የሚወጣው ረጅም «ኢው» ነው። ኋላ በአብዛኛው ጀርመን ይህ ድምፅ ተሰነጠቀና «ኦይ» ሆነ። ስዊዞች አልተከተሉም። የዙሪክ ሰው ሲጋራ ሊያቀጣጥል ላይተር ሲለምን ከ700 ዓመት በፊት የነበረውን አናባቢ ነው የሚያሰማህ። የገጠር አነጋገር የሚሉትን እንዳትሰማቸው። ለኔ ከዚህ ክር ሁሉ ትልቁ ሀብት ይህ ነው።

ሶስና_የና፦

እኔ የምኖረው የና ከተማ ነው፣ ሥራዬም ኬሚስትሪ ነው። የፎየርጾይግ ታሪክ ያለ የና አይሟላም።

በ1823 እዚህ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ዮሐን ቮልፍጋንግ ዶበራይነር አንድ ነገር አየ። የሃይድሮጅን ጋዝ በስፖንጅ መልክ በተዘጋጀ ፕላቲነም ላይ ሲነፋበት ፕላቲነሙ ግሎ ጋዙን ያቀጣጥለዋል። ክብሪት የለም፣ ብልጭታ የለም። ከዚህ ተነስቶ የጠረጴዛ ዕቃ ሠራ። ብርጭቆ ውስጥ የሰልፈሪክ አሲድ ውህድ አለ፣ በውስጡ ዚንክ ተንጠልጥሏል። ቧንቧውን ስትከፍቺው አሲዱ ወደ ዚንኩ ይወጣል፣ ሃይድሮጅን ይፈጠራል፣ ወደ ፕላቲነሙ ይነፋል፣ ይነዳል። ስትዘጊው የተጠራቀመው ጋዝ አሲዱን ወደ ታች ይገፋዋል፣ ዚንኩ ይደርቃል፣ ምርቱ በራሱ ይቆማል። እንዴት ያለ ብልህ አሠራር እንደሆነ አስቡት! ፓተንት እንኳን አላወጣበትም። አንድ ነገር እንደዚህ ፕላቲነም ራሱ ሳያልቅ ኬሚካላዊ ለውጥን ሲያፋጥን «ካታሊሲስ» ይባላል፤ ስዊድናዊው ኬሚስት በርሴሊየስ ይህን ስም ያወጣው በ1835 ነው፤ የዶበራይነር ዕቃ ያኔ በየቤቱ ይሠራ ነበር።

ስሙ ምን ተባለ? «የዶበራይነር ፎየርጾይግ»። ብረትና ባልጩቱ ቀርቶ አሲድና ፕላቲነም ቢመጣም ቃሉ አልተቀየረም። ጥቅልነቱ ስላለ ይመስለኛል። ይህም የብዙ ዕቃ ስብስብ ነበር።

ኪስ ውስጥ እንዲገባ ያደረገው ደግሞ ኦስትሪያዊው ካርል አወር ፎን ቬልስባህ ነው። ይህን ሰው እኛ ሳናውቀው እናውቀዋለን። አገር ቤት ማሾ ላይ የሚታሰረው፣ ሲበራ ነጭ የሚሆነው መረብ የሱ ፈጠራ ነው፤ በ1885። ለመረቡ የሚሆነውን ቶሪየም የተባለ ንጥረ ነገር ሞናዛይት ከሚባል አሸዋ ሲያወጡ ብዙ ተረፈ ምርት ይቀር ነበር፣ በተለይ ሴሪየም የተባለ ሌላ ንጥረ ነገር። አወር ተረፈ ምርቱን ሳይጥለው ከብረት ጋር አቀለጠው። ሲቧጨር ብልጭታ የሚረጭ ቅይጥ ወጣለት። 1903 ላይ ፓተንት አወጣበት። ዛሬ «የላይተር ድንጋይ» የምንለው እሱ ነው። ድንጋይ ግን አይደለም፤ ብረት ነው።

እዚህ ጋ ያለው መገለባበጥ በጣም ያስደንቀኛል። በድሮው ፎየርጾይግ የሚነደው ብናኝ ከብረቱ ነበር፣ ባልጩቱ ቧጫሪ ነው። በአዲሱ ደግሞ «ድንጋዩ» ብረት ሆኖ እሱ ይነዳል፤ ቧጫሪው በአውራ ጣት የምናሽከረክረው ትንሽ ጎማ ነው።

አባ_መፍቻ፦

ልጄ ሶስና፣ እግዚአብሔር ይስጥሽ። ስለ ማሾው ይህን አላውቅም ነበር። ላይተሩ የተስፋፋበት አንድ ምክንያትም ልንገራችሁ። በ1909 የጀርመን መንግሥት ክብሪት ላይ ግብር ጣለ። ክብሪት ሲወደድ ላይተር የተፈላጊነት ዕድል አገኘ። ኋላ ደግሞ በ1930 የክብሪት ገበያ በሕግ ሞኖፖል ሆነ። ስዊድናዊው ነጋዴ ክሮይገር ለጀርመን መንግሥት 125 ሚሊዮን ዶላር አበድሮ ነው ያገኘው። ያ ሞኖፖል እስከ 1983 ነበር፤ እኔ ራሴ የደረስኩበት ጊዜ ነው። ሱቅ ውስጥ የክብሪት ምርጫ አልነበረም።

ማኪ_ኮሎኝ፦

እናንተ ሰዎች፣ ተባረኩ! የጠበቅሁት ሁለት መስመር ነበር።

አንድ ነገር ቀረኝ። መኪና ውስጥ ያለው ሲጋራ መለኮሻ «ጺጋረተንአንጹንደር» ይባላል። ከሰል ማቀጣጠያው «ግሪልአንጹንደር» ነው። «አንጹንደን» ማቀጣጠል ስለሆነ እነዚህ ግልጽ ናቸው። ታዲያ ላይተርም «አንጹንደር» ቢባል አይቀልም ነበር?

ቃለ_ላይፕዚግ፦

ይቀል ነበር። ከፋብሪካ የመጡ ብዙ የቤት ዕቃዎች በዚያ መንገድ ነው ስም ያገኙት። «ሽታውብዛውገር» አቧራ መሳቢያ፣ «ቫሰርኮኸር» ውኃ ማፍያ፣ «ዶዘንኧፍነር» ቆርቆሮ መክፈቻ። ግሱን ወስዶ መጨረሻው ላይ «ኤር» ይጨምራል። አማርኛ መጥረጊያ፣ መክፈቻ፣ መቁረጫ እንደሚለው ነው፤ ስሙ የሚነግርሽ ዕቃው የሚሠራውን ሥራ ነው።

«ጾይግ» ያለባቸው ሌላ ዘመን ናቸው። ዕቃው በየትኛው ሥራ ዙሪያ እንደተሰበሰበ ይናገራሉ። የእሳት ሥራ፣ የጨዋታ ሥራ፣ የመጻፍ ሥራ። የመኪናው መለኮሻ ሲመጣ ላይተሩ በቆየው ስም ተይዞ ነበር፣ ስለዚህ አዲሱ ዕቃ አዲስ ስም ያዘ። ቃላት ቀድሞ የያዘውን አያስለቅቁም።

እቴ_ሙኒክ፦

እኔ መዋዕለ ሕፃናት ነው የምሠራው። ዳኒ «ነገር ነው፣ በቃ» ያልከው ወላጆችን ችግር ላይ የሚጥል ነገር ነው። ለወላጆች በምንልከው ወረቀት ላይ «ነገ ሽቪምጾይግ ይዛችሁ ኑ» ብለን እንጽፋለን። አንዲት ሐበሻ እናት የዋና ልብሱን ብቻ ላከች። ልጁ ፎጣ የለው፣ ነጠላ ጫማ የለው። ቃሉ የሚለው ለዋና የሚያስፈልገውን በሙሉ ነው። ወረቀቱ ላይ ይህን አይዘረዝሩትም፤ ለጀርመን «ጾይግ» ስለሚበቃው። «ቫሽጾይግ» ከተባላችሁም ሳሙናውም፣ ብሩሹም፣ የጥርስ ሳሙናውም ነው። «ቤትጾይግ» አንሶላው፣ ትራሱ፣ ብርድ ልብሱ። ወላጆች ይህን ያዙልኝ።

መጫወቻውንም ስንሰበስብ «ሽፒልጾይጉን አንሱ» ነው የምንላቸው። ወለሉ ላይ ያለው ሁሉ ማለት ነው። እኛም እኮ ልጆች ሆነን «ዕቃ ዕቃ» ነበር የምንጫወተው። ቆርኪው፣ ጣሳው፣ ስባሪው ሁሉ ተሰብስቦ ነው ጨዋታው የሚሆነው።

ማኪ_ኮሎኝ፦

እቴ፣ የሽቪምጾይጉ ምሳሌ ቁልጭ አደረገልኝ። ቃለ፣ ምስክሩን ግን አልመለስክልኝም። «ጾይገ»።

ቃለ_ላይፕዚግ፦

አልረሳሁትም። እሱም ከመሳብ ነው። «ጾይገ» ወደ ችሎት ተስቦ የሚመጣው ሰው ነው። ከዚያ «ጾይግኒስ» ወጣ፤ ምስክርነት። ቀጥሎ የትምህርት ውጤት ወረቀት፣ የሥራ ምስክርነት ሆነ። ሥራ ስትለቁ የምትቀበሉት «አርባይትስጾይግኒስ» ይኸው ነው። አማርኛም «የምስክር ወረቀት» ነው የሚለው። ሁለቱ ቋንቋዎች ሳይመካከሩ አንድ ቦታ ደርሰዋል። «ኢውበርጾይገን»፣ ማሳመን፣ መጀመሪያ በምስክር መርታት ነበር።

ዳኒ_ኦፈንባህ፦

ላይተሩን ተቀብያለሁ። አውሮፕላኑን ግን አልለቅም። ፍሉግጾይግ መቼም የዕቃ ስብስብ ሆኖ አያውቅም። ከተፈጠረበት ቀን ጀምሮ አንድ ማሽን ነው። ታዲያ እዚያ ጋ ጾይግ ምን ይሠራል?

ቃለ_ላይፕዚግ፦

አውሮፕላኑ ስሙን የወሰደው ከጎረቤቱ ነው። «ፋርጾይግ» በ17ኛው ክፍለ ዘመን ከሰሜኑ የባሕር ሰዎች፣ ከሆላንድና ከሰሜን ጀርመን አነጋገር የገባ ቃል ነው። መርከብ ማለት ነበር። መርከብ ደግሞ ሸራው፣ ገመዱ፣ መልሕቁ ሁሉ ተሟልቶ ነው የሚሄደው። ቀስ በቀስ ለየብስ ተሽከርካሪም ዋለ። 1900 ገደማ የሚበር ማሽን ሲመጣ በዚያው ልክ ፍሉግጾይግ ተሰፋለት። ስለዚህ ለአውሮፕላኑ ያልከው ልክ ነው። ያኔ ጾይግ ከስብስብነት ወጥቶ ወደ ቅጥያነት ተጠግቶ ነበር። ሽቪምጾይግ ላይ ግን የድሮው ትርጉም እስካሁን አልሞተም። ሁለቱ ጎን ለጎን ነው የሚኖሩት።

ማኪ_ኮሎኝ፦

ታዲያ አንድ ቃል የትኛው ወገን እንደሆነ በምን እለያለሁ?

ቃለ_ላይፕዚግ፦

በብዙ ቁጥሩ። «ፎየርጾይገ»፣ «ፍሉግጾይገ»፣ «ፋርጾይገ» ማለት ትችያለሽ። አንድ ሁለት ተብለው ይቆጠራሉ። ሽቪምጾይግን፣ ቫሽጾይግን፣ ቤትጾይግን ግን ማንም አይቆጥርም። ከቆጠርሽው ነጠላ ዕቃ ሆኗል፤ ካልቆጠርሽው ስብስብ ነው። ቬርክጾይግ ጋሽ መፍቻ እንዳሉት ሁለቱንም ይሆናል።

ዳኒ_ኦፈንባህ፦

ሽፒልጾይግስ?

እቴ_ሙኒክ፦

እኛ ጋ ልጆቹ አንዷን ብቻ ሲፈልጉ የራሷን ስም ይጠራሉ፤ መኪናዋን፣ አሻንጉሊቷን። ሽፒልጾይግ የሚሉት ሳጥኑ ሙሉ ሲሆን ነው። ብዙ ቁጥሩን መዝገበ ቃላት ውስጥ ታገኘዋለህ፣ ወለሉ ላይ ግን አልሰማውም።